ብርቱካኑ ሲበቅል

ሰኞ፣ የካቲት 3

ትናንት እህቴን ሆስፒታል አስገባኋት። ሳምባዋ ውኃ ቋጥሯል አሉ። ሁለት ሳምንት ነው፣ ቢበዛ። ሁለቱ ልጆቿ እኔ ዘንድ መጥተዋል፤ ልብሳቸው በአንድ ሻንጣ፣ ጫማቸው በአንድ ፌስታል። አባታቸው ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነው። የት እንደሄደ የሚያውቅ ካለ ለእኛም ይንገረን።

ትልቋ ሰባት ዓመቷ ነው። ዳኛዋ እንላታለን፤ ምስክር ሳይቀርብላት ምንም አታምንም። ትንሹ አራት ዓመቱ ነው፣ ድንቡሼ። እኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ወንደላጤ፣ ክሊኒክ ጓዳ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠሪ። ከልጅ ጋር ያለኝ ትውውቅ ቢኖር ዶክተሯ ጥርሱን ስትነቅለው ከግድግዳው ወዲያ የምሰማው ጩኸት ብቻ ነው። አሁን ሁለቱ አልጋዬ ላይ ተኝተዋል፤ እኔ ወለል ላይ ነኝ። ወገቤ ከአሁኑ አቤቱታ ጀምሯል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

«እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?» ድንቡሼ አሥራ አንድ ጊዜ ጠየቀኝ። ቆጥሬያለሁ።

ለእህቴ የወሰድኩትን ብርቱካን ነርሷ ዛሬ ምንም አትቀምስም ብላ መለሰችልኝ፤ ከልጆቹ ጋር በላነው። ዳኛዋ ዘሮቹን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደረደረቻቸው። «አጎቴ፣ እነዚህ ይበቅላሉ?» አለች። «እንዴታ!» አልኳት፣ ሳላውቅ። ድንቡሼ ያን ጊዜ ለአሥራ ሁለተኛ ጊዜ ሊጠይቅ ከንፈሩን አሞጠሞጠ። ቀድሜው «ብርቱካኑ ሲበቅል እናታችሁ ትመጣለች» አልኩ።

ልጁ ጸጥ አለ። ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። እንዲህ ቀላል መሆኑን ባውቅ ከትናንት ጀምሬ እዋሽ ነበር። ዳኛዋ ግን በጨለማው ውስጥ «ማን ነው ያለው?» አለችኝ። «ሐኪሙ» አልኳት።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ይባላል።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

እድል ከእኔ ጋር ናት። ፍራፍሬ ሻጯን ብርቱካን በስንት ቀን ይበቅላል ብዬ ብጠይቃት «ሁለት ሦስት ሳምንት፤ ዘሩ እንዳይደርቅ እንጂ የሱቅም ቢሆን ይበቅላል» አለችኝ። እህቴም የምትወጣው በሁለት ሳምንት ነው። ውሸቴ ገና ሳያረጅ እውነት ሊሆን ነው።

ከሥራ ስመለስ ተከልን። ዘጠኝ ዘር፣ ዘጠኝ የእርጎ ኩባያ። የኩባያዎቹን ቂጥ በጋለ መርፌ በሳሁ። አፈሩን ከአከራዬ የአበባ ማሰሮ ለመንን፤ ሰጠችን፣ እያጉረመረመችም ቢሆን። የዘሩን ቅርፊት መላጥ ያፈጥነዋል ስለተባለ ወረንጦዬን አወጣሁ። በዚህ ወረንጦ ስንት የፊት ጥርስ ሰም ላይ ተክያለሁ! ዘሩን አንድም ሳልጭር ልብሱን ገፈፍኩት። ዳኛዋ አፏን ከፍታ ታየኝ ነበር። እጄን ሰው እንዲህ አይቶት አያውቅም፤ ዶክተሯ እንኳ የምታየው የሠራሁትን እንጂ ስሠራ አይደለም።

ድንቡሼ የራሱን ዘር «ደህና እደር» ብሎ ቀበረው። ኩባያዎቹን በትሪ አድርጌ፣ በላስቲክ ሸፍኜ፣ ሙቀት እንዲያገኙ ማቀዝቀዣው ላይ አስቀመጥኳቸው። ጠዋት ጠዋት አውርጄ አሳያቸዋለሁ።

እሑድ፣ የካቲት 9

ስልክ አገናኘኋቸው። ባላደርገው ይሻል ነበር። የእህቴ ድምፅ ቀጥኖ፣ በየሁለት ቃሉ ትንፋሽ እየሰረቀች። ድንቡሼ አልቅሶ አልቅሶ አስታወከ። እሷም በኋላ ለብቻዬ «ጋሼ፣ እስኪሻለኝ አታገናኘኝ፤ እነሱም ይጎዳሉ፣ እኔም እጎዳለሁ» አለችኝ። እሺ አልኩ። ሐኪሙም ልጅ ወደ ክፍሉ አይገባም ብሏል።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ሐኪሙ ጠራኝ። ውኃው ተመልሷል። ቀዶ ሕክምና። ከዚያ በኋላ ወር፣ ምናልባትም በላይ። የአንድ ጡረተኛ መምህር ሰው ሠራሽ ጥርስ ለነገ ይፈለጋል። ድንቡሼ ካልሲ አልቆበታል። ለልጆቹ ምን እላለሁ?

ኩባያዎቹ ላይ ምንም የለም። ተመስገን።

ሰኞ፣ የካቲት 17

መምህሩ ጥርሱን መልሶ አመጣው። «ስስቅ ሌላ ሰው ነው የሚስቀው» አለ። እውነቱን ነው፤ የላይኛውን መስመር አንሻፍፌዋለሁ። በሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ዓይነት ስሕተት ሠርቼ አላውቅም። ዶክተሯ አልተቆጣችም፤ መቆጣቷን እመርጥ ነበር። «ልጆቹን ለዘመድ ብትሰጥስ?» አለችኝ። ዘመዱ እኔ ነኝ፣ አልኳት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

በቀለ።

ልጆቹ ሳይነሡ ላየው ትሪውን አወረድኩት። በአምስተኛው ኩባያ፣ ድንቡሼ በቀበረው፣ አፈሩን ሰንጥቆ አንድ አረንጓዴ አንገት ወጥቷል። አሥራ ሰባት ቀን። ቅርፊቱን ባልልጠው ኖሮ ገና ይቆይ ነበር። በእጄ ስኮራ ኖሬ እጄ ጉድ ሠራኝ።

እህቴ ሰኞ ነው ደረቷ የሚከፈተው። ድንቡሼ ተነሥቶ ይህን ቢያይ ቀጥ ብሎ በሩ ሥር እንደሚቆም አውቃለሁ። ጫማውን አድርጎ፣ ማሰሪያውን በተገላቢጦሽ አስሮ ይቆማል። ከዚያስ? ማንን ነው የማስገባለት?

ወረንጦውን አመጣሁ። ከአፈሩ በታች ገብቼ ቆንጥጬ አወጣሁት፤ አፈሩን በጣቴ ደለደልኩ። የት እንደምጥለው ግራ ገብቶኝ እንደቆምኩ ከአልጋው በኩል ኮሽታ ሰማሁና ዋጥኩት። ይመርራል። ድንቡሼ እየተንገዳገደ መጣና «በቀለ?» አለኝ። «ገና ነው» አልኩት። ጸጉሩን ስደባብስ እጄ አፈር ነበረበት።

ሌላ ምን ማድረግ እችል ነበር? እስቲ ሰው ይንገረኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 24

ቀዶ ሕክምናው ዛሬ። አራት ሰዓት ፈጀ። ወጥታለች። ተኝታለች። እጇ ቀዝቃዛ ነው። ልጆቹን አከራዬ ወሰደቻቸው። መጻፍ አልችልም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

እህቴ ትተነፍሳለች፣ ትናገራለች፣ ግን ትኩሳቱ አልለቀቃትም። ዛሬ ሁለተኛው በቀለ። ከልጆቹ ቀድሜ መነሣት ልማድ ሆኖብኛል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ ስንቁስ ይሁን፣ ውሸቴ ግን እያደር ከበደኝ።

ይህኛውንም ነቀልኩ፤ ይህኛውም ይመርራል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ሦስተኛው። ከዚህ የበለጠ አልጽፍበትም።

ስለ ሌላ ነገር ልጻፍ። ለድንቡሼ ከጥርስ ሰም ጉማሬ ሠራሁለት። ጥርስም አደረግኩለት፣ ሠላሳ ሁለት፤ ጉማሬ ስንት እንዳለው ማን ቆጥሮ ያውቃል? «ይህ ጉማሬ አጎቴን ይመስላል» አለና ሳቀ፣ ዳኛዋም ሳቀች፣ እኔም። ዳኛዋ የቤት ሥራዋን የምትሠራው አሁን ክንዴን ተደግፋ ነው። እጄ ይደነዝዛል፤ አላነቃንቀውም። ወለሉንም ለምጄዋለሁ፣ ወገቤም እንደተወኝ ልብ ያልኩት ዛሬ ነው።

ደረጃው ላይ አከራዬ ለአንዲት ሴት ስትናገር ሰማኋት። «ከዚያ ሰውዬ ቤት ሳቅ ሲወጣ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ተከራይቶ የበሩን ድምፅ እንኳ ሰምቼ አላውቅም ነበር።» ልቆጣ ፈልጌ ነበር፤ አልመጣልኝም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ደስ የሚል ዜና። ትኩሳቱ ከለቀቃት ሳምንት ሊሆን ነው፤ ቁስሉም ደርቋል። ሐኪሙ «ሰኞ መውጣት ትችላለች» አለኝ። በጣም ደስ ብሎኛል። እህቴ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ጸጉሯን ስታበጥር ሳያት እንባዬ መጣ። ደስ ብሎኛል።

ብቻ ነገሩን በጥሞና ማየት ያስፈልጋል። ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ድንቡሼ ካላዘሉኝ የሚል ልጅ ነው። ሆስፒታሉ ማገገሚያ ክፍል እንዳለው ነርሷን ጠየቅኩ፤ አልጋ አለ። «ሁለት ሳምንት እዚያ እረፊ» አልኳት። «ልጆቼስ?» አለች። «ልጆችሽ ደህና ናቸው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አልኳት። አመመኝ ብላ የማታውቅ ሴት ናት፤ ማሰብ ያለብን እኛ ነን። ሐኪሙም አልተቃወመም። «ከፈለገች ይቻላል» ነው ያለው። ፈለገች ማለት ይቻላል፤ በመጨረሻ ራሷን ነቅንቃለች።

ለልጆቹ ገና አልነገርኳቸውም። ቁርጥ ያለ ቀን ሳይታወቅ ሕፃን ማስጎምጀት ደግ አይደለም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ለካ የብርቱካን ዘር አንዱ ሁለት ይሆናል። አንደኛው ኩባያ ውስጥ ከአንድ ጉድጓድ ሁለት ቡቃያ፣ ትከሻ ለትከሻ። ዘሩ አንድ ነበር፤ ራሴ ነኝ የላጥኩት። ሁለቱም ተነቅለዋል።

እሷ ከሰኞ ጀምሮ ማገገሚያ ናት። አሁን ቢያዩት የሁለት ሳምንት ለቅሶ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚል ሰው ይኖራል፤ ይበል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

አራት ቀን ሙሉ ምንም አልበቀለም። የቀሩት ዘሮች ሞተው ይሆናል። ብገላገልም ይገርመኛል፤ አፈሩ እርጥብ ነው፣ ሙቀቱም ያው ነው።

ጠዋት ወንበሩን ማቀዝቀዣው ጎን ተጠግቶ አገኘሁት። ድንቡሼን ተቆጣሁት፤ ትወድቃለህ አልኩት። «እኔ አይደለሁም» ብሎ አለቀሰ። ዳኛዋ እጁን ይዛ ወሰደችው። ትሪውን ላውርድላችሁ ብላቸው «ተወው፣ አይበቅልም» አለችኝ። ገና በሰባት ዓመቷ የተስፋ መቁረጥ ፍርድ ሰጠች ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

ዳኛዋ አትበላም። «አፌን መረረኝ» ትላለች። ምላሷን አየሁ፣ ጥርሷን አየሁ፣ ጉሮሮዋን በክሊኒኩ መብራት አየሁ፤ ምንም የለም። ዶክተሯም አየቻት። «ልጅቷ ሐዘን ላይ ያለች ትመስላለች» አለችኝ። ማን ሞቶባት? አልኳት።

ማታ ማታ ድንቡሼን አቅፋ ነው የምትተኛው። በፊት በክርኗ ትገፋው ነበር። ዛሬ የእሱን ጫማ ስታስር «ትልቅ ስትሆን እኔ ነኝ የማሳድግህ» ስትለው ሰማሁ። ጨዋታ ነው መሰለኝ፣ ሴት ልጆች እናት እናት ይጫወታሉ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23

እህቴ ደወለች። ድምጿ እንደ ድሮው ወፍሯል፤ ኮሪደሩን በቀን አሥር ጊዜ እመላለሳለሁ አለች። «በቃ አገናኘኝ፣ ወይ ይዘሃቸው ና» አለች። ልጆቹ ያን ጊዜ ከጎኔ ካርቶን ላይ ስዕል ይሥሉ ነበር። ወደ በረንዳው ወጣሁና «ጉንፋን ይዟቸዋል፤ ይሳላሉ። ለሳምባሽ ጥሩ አይደለም» አልኳት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ሳልዘጋጅ ነው የወጣኝ። «እሺ ጋሼ፣ አንተ ታውቃለህ» አለችኝ።

አንተ ታውቃለህ።

ዓርብ፣ መጋቢት 26፣ ጠዋት

ሥራ አልሄድኩም። ሆስፒታል ከመሄዳችን በፊት ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት ነገ ሌላ ነገር አደርገዋለሁ።

ጎህ ሲቀድ የላስቲክ ኮሽታ ሰማሁ። ብነሣ ዳኛዋ ወንበሩ ላይ ቆማለች። በሁለት ጥፍሯ አንድ ኩባያ ውስጥ ገብታ ታወጣለች። የያዘችውን አፏ ውስጥ ጨመረችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

ውጣ ጨረሰችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «ቀስ በል! ድንቡሼ ይሰማል።»

አቅፌ አወረድኳት። አንድ ኪሎ እንኳ የማትመዝን መሰለኝ።

«ለምን ነቀልሽው?»

«አንተ ስትነቅል አይቼሃለሁ። ቅዳሜ፣ ያን ጊዜ። ሁለት ጊዜ ዋጥክ።»

«እና?»

«እማዬ ሞታለች አይደል?» አለችኝ፤ ዓይኗን አላሸችም፣ አላለቀሰችም። «ስለሞተች ነው የምትነቅለው። ከበቀለ ድንቡሼ ትመጣለች ብሎ በር ላይ ይቆማል፣ እሷ ደግሞ አትመጣም። እኔም ከዚያ ወዲህ ሦስት ነቅያለሁ። አልነገርኩትም። እሱ ትንሽ ነው።»

አሥራ ሦስት ቀን። እናቷን ቀብራ፣ ጠዋት ጠዋት ፊቷን ታጥባ፣ ትምህርት ቤት ሄዳ፣ ክንዴን ተደግፋ መደመርና መቀነስ ሠርታለች። እኔ ምላሷን በመብራት አይ ነበር።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። «እናትሽ አልሞተችም። ድናለች። በእግሯ ትሄዳለች» አልኳት።

«ማን ነው ያለው?» አለችኝ።

ሐኪሙ ልላት አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ልብሷን አለበስኳት። ድንቡሼን ቀስቅሼዋለሁ፤ ካልሲውን ይፈልጋል።

ዓርብ፣ ማታ

እህቴ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበረች። ድንቡሼ ከሩቅ ለያትና እሪ ብሎ ሮጠ። ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለችው፤ አላመማትም፣ ወይም አመማትና ዝም አለች። የፎቁ ደረጃ፣ የልጁ ክብደት፣ ያ ሁሉ የእኔ ጥሞና እዚያው ላይ አለቀ።

ዳኛዋ ግን ቆመች። አሥር እርምጃ ያህል ቀርቷት ቆመችና የእናቷን ደረት ከፍ ዝቅ ሲል አየች፣ ለረጅም ጊዜ። ከዚያ ነው የሄደችው። ፊቷን አንገቷ ሥር ቀበረችና አልነሣም አለች።

እህቴ በልጅቷ ጸጉር ላይ አሻግራ አየችኝ። «ከስታብኛለች፣ ጋሼ። ጉንፋኑ ለቀቃቸው?»

ዳኛዋ ቀና አለች። መጀመሪያ እኔን አየችኝ። ጉንፋን አልያዛትም፤ ይዟታል ያለው ማን እንደሆነ ግን ገባት። ወደ እናቷ ዞረችና ሳለች። ሁለት ጊዜ። «ለቆናል፤ ትንሽ ብቻ ነው የቀረን» አለች።

ዝም አልኩ። የሰባት ዓመት ልጅ ስትዋሽልኝ እንደ ሐውልት ቆሜ ዝም አልኩ።

ነገ ትወጣለች። ልጆቹን ይዛ ቤቷ ትገባለች። ሻንጣቸውን አዘጋጅቻለሁ። ጉማሬውን ድንቡሼ በኪሱ ይዞታል፤ ሰሙ እንዳይቀልጥበት ነግሬዋለሁ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2

አልጋዬ ላይ መተኛት አቅቶኝ ሦስት ቀን ወለል ላይ አደርኩ። ዶክተሯ ሥራህ ተስተካክሏል አለችኝ። ይሁን።

ዛሬ ከምሳ በኋላ እህቴ ደወለች። ደህና ናት። ድንቡሼ ከኋላዋ ይጮኻል።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ጎህ ሲቀድ ዓይኔን ስገልጥ ልጅቷ አጠገቤ ቆማ አገኛታለሁ። እጇን አፍንጫዬ ሥር ታደርጋለች። ትንፋሼ ሲነካት ተመልሳ ትተኛለች። በየቀኑ ነው። እንዲህ ያለ ነገር አታውቅም ነበር። ማን አስተማራት?»

የሠራሁት የጥርስ መንጋጋ ፊት ለፊቴ ጠረጴዛው ላይ አፉን ከፍቶ ነበር። በሩን ዘጋሁ።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ቁጭ በይና ልንገርሽ።»

ከመጀመሪያው ማታ ጀምሬ ነገርኳት። ስለ ዘሩ፣ ስለ ወረንጦው፣ ስለ ማገገሚያው አልጋ፣ በረንዳ ላይ ወጥቼ ስላልኳት ጉንፋን። ልጅቷ ምን መስሏት እንደነበረ ስነግራት አንድ ድምፅ አወጣች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ስልኩን ትዘጋዋለች ብዬ ጠበቅኩ።

«እኔ የዳንኩት ስንተኛው ላይ ነው?» አለችኝ።

«ሦስተኛው ላይ።»

«በጠቅላላ ስንት ነቀልክ?»

«አምስት» አልኳት።